የሰቃይ ተማሪ ወሬና እውነታው፦ ከዲላ ግቢ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለ ሰቃይ ተማሪ የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ከ3.75 በላይ ጂፒኤ ያመጣ ሁሉ ዛሬ ወይ መምህር ወይ የአውሮፓ ነዋሪ በሆነ ነበር። ወሬው ከሲኒየር ወደ ፍሬሽ፣ ከላውንጅ ወደ ዶርም ይወርዳል፤ በየደረሰበትም ይጨመርበታል። አንዳንዱ ምንም አይጎዳም። አንዳንዱ ግን ጎበዝ ልጅ ለዓመታት የለፋበትን ዕድል ያስመልጠዋል። እዚህ የማነሳው ይህን ሁለተኛውን ነው።

«ዩኒቨርሲቲው የማዕረግ ተማሪዎቹን ራሱ ይጠራል»

አይጠራም። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ ተማሪ የሚባለው ገና ሲገባ ተመርጦ የራሱ ኮርስ፣ የራሱ አማካሪ፣ የራሱ የዝግጅት ሰሌዳ የሚሰጠው ነው። እኛ ዘንድ ማዕረግ የምረቃ ቀን የሚነበብ ቁጥር ነው፤ በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 3.25 ማዕረግ፣ 3.50 ከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ያሰጣል። ከዚያ ቀን በፊት ውጤቱን የሚያውቁት ተማሪው ራሱ፣ ሬጅስትራርና የዶርም ጓደኞቹ ናቸው። ስለዚህ የጥናት ጉባኤ ማስታወቂያ በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ወይም በቴሌግራም ሲለቀቅ ማንም ሰቃዩን በስሙ ፈልጎ አይነግረውም።

የግቢ ዝግጅት ሲባል ብዙው ተማሪ የሚያስበው የመዝናኛ ምሽትና የጂሲ (የተመራቂዎች) ሳምንትን ነው። ለጎበዝ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ይመስለኛል። ከኋላ ወንበር ይዞ ለሚያዳምጥ ብዙ ጊዜ በሩ ክፍት ነው። ፈታኙ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲጠይቅና መላሹ ላብ ሲያጠምቀው ማየት ከአንድ ሙሉ የጥናት ዘዴ ኮርስ የበለጠ ያስተምራል።

«ጂሲ ስሆን እጎትተዋለሁ»

ቁጥሩን እንየው። 120 ክሬዲት ጨርሶ 3.70 ላይ ያለ ተማሪ እስካሁን ያጠራቀመው 444 ነጥብ ነው። 30 ክሬዲት ይቀረዋል እንበል። በ150 ክሬዲት 3.75 ለመድረስ በድምሩ 562.5 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ የጎደለው 118.5 ነው። ቀሪውን ዓመት በ3.95 መጨረስ አለበት ማለት ነው። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ ፕላስ 3.5 በሚያዝበት ስሌት፣ አንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ላይ ቢ ፕላስ ካገኘ የተረፈችው 1.5 ነጥብ እዚያው አለቀች፤ የቀረው 27 ክሬዲት በሙሉ ያለ አንድ ኤ ማይነስ ኤ መሆን ይኖርበታል።

ያልተወራለት የፍሬሽማን ዓመት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተመልሶ የመጣውን ይህን ዓመት ብዙ ተማሪ «መለማመጃ» እያለ ያሳልፈዋል። የዚያ ዓመት ክሬዲትም እንደ መጨረሻው ዓመት ክሬዲት እኩል ይመዝናል፤ በዚያ ላይ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚወሰነውም በእሱ ነው።

«ሰቃይ የመውጫ ፈተና አያሳስበውም»

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ጂፒኤውን ከፍም ዝቅም አያደርግም፤ ነገር ግን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም፣ ጂፒኤው 3.9 ቢሆንም። የሦስተኛ ዓመት ኮርስ ለኮርሱ ፈተና ብቻ ሸምድዶ ኤ አግኝቶ የረሳ ሰቃይ ሲደናገጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከወደቀ በቀጣዩ ዙር ደግሞ መቀመጥ ይችላል።

«ዲላ ሩቅ ናት፤ ዕድል ያለው አዲስ አበባ ነው»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህኛው ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ናት። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፤ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ቆይቶ በ2006 ራሱን ቻለ። ከአራቱም ማዕዘን የተመደቡ ተማሪዎች ይመጡበታል። ብዙዎቹም ዓመታቸውን ከግቢ እስከ መናኸሪያ ባለው መንገድ ጨርሰው ይመለሳሉ።

በዙሪያቸው ያለው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሪያድ ላይ ተሰብስቦ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር መዘገበ። የተመዘገበው አንድ ሐውልት ወይም አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ሰው እየኖረበት፣ እያረሰበት ያለ ተራራ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፣ ከሥራቸው እንሰት አለ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና። ብርብራ የጥራጥሬ ቤተሰብ በመሆኑ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል፤ የሚያረግፈው ቅጠልም ለቡናው ምግብ ይሆናል። በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ዛፉን ሳይጨርስ እንዴት እንደኖረ የሚጠይቅ የግብርና፣ የባዮሎጂ ወይም የኢኮኖሚክስ ተማሪ ላቦራቶሪው ከግቢው አጥር ማዶ ነው።

ጥያቄውን የጠየቁ አሉ። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም የሚመለከት ነው፤ ርዕሱም ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የቀድሞው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሸናፊ ዜና እና የዩኒቨርሲቲው አንድሩ ደፍ በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ የሚገኙ ትክል ድንጋዮች ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን እንደሚጠጉ አሳተሙ። ዕድሜያቸው ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በሺህ ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ሰዎች ከአሜሪካ ድረስ ተጉዘው የሚቆፍሩትን ጉዳይ ከዲላ በሚኒባስ የሚደርስበት የታሪክ ተማሪ «ርዕስ አጣሁ» ሲል መስማት ግራ ያጋባል። ቱቱ ፈላ፣ የሰው ገጽ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ያሉበት፣ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ከሚወስደው መንገድ ብዙ አይርቅም።

የሕግ ተማሪም አልተረሳም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ በተባለ ሸንጎ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሥርዓት አለ። የንግድ ምልክት ሕግ ለሚወድ ደግሞ የይርጋጨፌ ቡና ስም ራሱ የክርክር ጉዳይ ነበር፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፣ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው በ2007 ነው። በጥር ወር የሚከበረው የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮ ለቋንቋ፣ ለሶሲዮሎጂና ለቱሪዝም ተማሪ የመስክ ሥራ ነው። ፎቶ ብቻ ተነስቶ መመለስ ብክነት ይመስለኛል።

የመስክ ጥናት አሠራሩ ከባድ አይደለም። ትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ወደ ወረዳው፣ ከዚያ ወደ ቀበሌው ይሄዳል። የቀበሌው ሰው አብሮ ቢሄድ ገበሬው በሩን በእምነት ይከፍታል። የሚነበብ ጽሑፍ በነፃ የለም የሚለውም ስህተት ነው፤ ኢትዮጵያ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚባለው ፕሮግራም የሳይንስ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ከሚያገኙ አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የይለፍ ቃሉን ቤተ መጻሕፍቱን መጠየቅ ነው። ወደ ኮምፒዩተር ለሚያዘነብልም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ዶርም ውስጥ ተቀምጦ በነፃ የሚወሰድ ነው።

«ስኮላርሺፕ በሰው ነው፤ ካልሆነም በኤጀንት»

ቼቭኒንግ፣ ኢራስመስ ሙንደስና የጀርመኑ ዲኤኤዲ ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። «ቦታ ይዤልሃለሁ» ብሎ ብር የሚቀበል ሰው የሚሸጠው የተማሪውን አለማወቅ ነው።

ከኤጀንቱ የበለጠ ተማሪውን የሚጥለው ግን የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። የብሪታንያው ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዲኤኤዲ ለልማት ነክ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቶች በሚሰጠው ፕሮግራምም እንዲሁ ሁለት ዓመት ይጠይቃል። ስለዚህ 4.00 ያመጣ የዘንድሮ ተመራቂ እዚያ ቢያመለክት በጂፒኤው አይደለም የሚወድቀው፤ ገና ጊዜው አልደረሰም። ኢራስመስ ሙንደስ በአንጻሩ ባብዛኛው የሥራ ልምድ አያስገድድም፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የመጨረሻ ዓመት ተማሪንም ይቀበላሉ። በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። ማመልከቻው የሚከፈተውና የሚዘጋው ባመዛኙ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፣ ማለትም ተማሪው ገና የመጨረሻ ዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ እያለ። «ልመረቅና አየዋለሁ» ያለ ሰኔ ላይ ሲነሳ በሩ ተዘግቷል። ቼቭኒንግም ነሐሴ አካባቢ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ገደማ ይዘጋል።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ፣ የዲን ማኅተም ያለበት «ጥሩ ተማሪ ነበር» ከሚል ወረቀት ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፉን ያማከረች ረዳት ፕሮፌሰር በሁለት አንቀጽ ሥራውን ብትገልጽ ይበልጣል። መራጮች ስለ ሰውዬው የሚነግራቸውን ይፈልጋሉ።

«አንደኛ የወጣ ግቢው ውስጥ ይቀራል»

ረዳት ምሩቅ ሆኖ መቅረት በራሱ የሚመጣ አይደለም። ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር ይወጣል፤ ሌሎችም ይወዳደሩበታል። ሁለተኛ ዲግሪ እዚሁ አገር ውስጥ ለመማርም ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማዕረግ ከዚህ ነፃ አያወጣም።

«ቴምፖ ካለኝ ወረቀቴ ሙሉ ነው»

ጊዜያዊው ዲግሪ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ለአገር ውስጥ ሥራ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ዋናው ዲግሪ ግን የወጪ መጋራት ዕዳ እስኪያልቅ ይያዛል፤ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲል ደግሞ ሬጅስትራር አሽጎ የሚልከውን ነው እንጂ ተማሪው ፎቶ አንስቶ የላከውን አይደለም። ሰነድ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ፤ ያ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። ማመልከቻ በጥር የሚዘጋበት ሰው ሬጅስትራር መስኮት ላይ በኅዳር ቢቆም ይሻለዋል፣ ስሙም በመታወቂያው፣ በፓስፖርቱና በትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ያኔውኑ ይይ። «ገብረ» በአንዱ ሰነድ ተያይዞ በሌላው ተለያይቶ ከተጻፈ ማስተካከያው ሳምንታት ይፈጃል።