መላ መምታትና መለካት፤ ለከተማ ግብርና ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በግብርና ሥራ ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ከቤተ ሙከራ መልስ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ አምራቹም ሆነ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው አብዛኛውን ውሳኔ የሚሰጡት በመላ ነው። መላ ስንል ትክክለኛነቱ በቅድሚያ ባይረጋገጥም በአነስተኛ ጊዜና ወጪ ወደ መፍትሔ የሚያቀርብ ብልሃት ማለታችን ነው። በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ «ሂዩሪስቲክ» ይባላል፤ ቃሉ «ማግኘት» ከሚለው የግሪክ ግሥ የተወሰደ ነው። በዚህ ጽሑፍ መላ የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚያሳስት፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በካዛንቺስ ካለው የጠባብ ጓሮ ሥራ ጋር አያይዘን እናብራራለን።

ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር

የሒሳብ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ለችግር ፈቺ አራት ደረጃዎችን አስቀምጧል። እነዚህም ችግሩን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸምና ውጤቱን መለስ ብሎ መመርመር ናቸው። ዕቅድ ለማውጣት ከሚረዱት መላዎች አንዱ ከተፈለገው ውጤት ተነሥቶ ወደ ኋላ መሥራት ነው።

ለምሳሌ፣ አንድ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ለፋሲካ ገበያ ለመድረስ ቢያስብ ጫጩት መቼ ያስገባ? የሥጋ ዶሮ በጥሩ አያያዝ በ45 ቀን ገደማ ይደርሳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስለዚህ ዘወረደ አልፎ የቅድስት ሳምንት ሲገባ ጫጩቱም ይገባል። ፋሲካ የሚውልበት ቀን በየዓመቱ ቢለዋወጥም መላው አይለወጥም። ከዚያ በጣም ቀድሞ የገባ ዶሮ ግን በጾሙ መካከል ይደርስና ገዢ አጥቶ መኖ ሲጨርስ ይሰነብታል።

እንስሳውና አፈሩ የሚሰጡት ምልክት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ለጫጩት ይከብዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን መመልከት ነው። ከአምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው ጥግ ከያዙ ሞቋቸዋል፤ በእኩል ተበትነው ከበሉና ከጠጡ ሙቀቱ ተስማምቷቸዋል።

በጆንያ ለሚለማ አትክልትም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጥቶ መጨበጥ፤ እጅ ሲዘረጋ ከተበተነ ውሃ ያሻዋል፤ ተድቦልቡሎ ከቀረ በቂ እርጥበት አለው፤ ሲጨበጥ ውሃ ከወጣው ማጠጣቱን ማቆም ያስፈልጋል። አሸዋ የበዛበት አፈር ግን ርጥብ ሆኖም አይድቦለቦልም፤ ስለዚህ በቅድሚያ የአፈሩን ዓይነት ማወቅ ይገባል።

እነዚህ መላዎች አስተማማኝ የሆኑት ስሕተታቸው ቶሎ ስለሚታይ ነው። አምፖሉ ዝቅ ወይም ከፍ ሲደረግ ጫጩቶቹ ወዲያውኑ መልስ ይሰጣሉ።

መላ የሚያሳስትበት ሁኔታ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተዋል፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ጉራ ሠፍረዋል። ቦታ የለወጠ አምራች የለመደውን መላ ይዞ ይሄዳል። የጆንያ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ ማጠጣት ልክ ነበር። በአቃቂ ሜዳ በብዛት በሚገኘው መረሬ ላይ ይኸው ልማድ ሥሩን በውሃ ያፍነዋል። «በየቀኑ አጠጣ» የሚለው መላ ቦታ ሲለወጥ ይበላሻል፤ «ጨብጠህ እይ» የሚለው ግን አፈሩን ከመረመሩ በኋላ አብሮ ይጓዛል።

ከዚህ የከፋው አደጋ ከመስኖ ውሃው የሚመጣ ነው። በቂርቆስ የሚያልፈው የባንትይቀጡ ውሃ መድረሻው አቃቂ ነው። የአቃቂ ወንዝ የመኖሪያ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል፤ በውሃውና በዚያ በሚለማው አትክልት ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱንም ልዩ ልዩ ጥናቶች አመልክተዋል። «ቅጠሉ ከለመለመ ጤነኛ ነው» የሚለው መላ በዚህ ቦታ ፈጽሞ አይሠራም። ፍሳሹ ናይትሮጅን ስላለው ጎመኑን ያለመልመዋል፤ ክሮሚየምና እርሳስ ግን በዓይን አይታዩም፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ከዘለቁ በኋላም በመታጠብ አይወገዱም። ጉዳቱ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ በበላተኛው አካል ላይ ስለሆነ አምራቹን የሚያርመው ምልክት የለም። ስለዚህ በዚህ ረገድ ያለ ቤተ ሙከራ ምርመራ መወሰን አይገባም።

ለሠራተኞችና ለማኅበራት የምንሰጠው ምክር

1. መላን ስታስተምሩ ምክንያቱን አብራችሁ አስተምሩ። ምክንያቱን ያወቀ አምራች ሁኔታው ሲለወጥ መላውን ማስተካከል ይችላል።

2. አባላት ከመሞከራቸው በፊት የሚጠብቁትን ውጤት እንዲናገሩ፣ በኋላም ከተገኘው ጋር እንዲያስተያዩ አድርጉ። ፖልያ መለስ ብሎ መመርመር ያለው ይህንኑ ነው።

3. አዲስ መላ ሲቀርብ በመላው ቦታ ላይ ሳይሆን በጥቂት ጆንያ ወይም በአንድ መደብ ጀምሩ።

4. «መላው ቢሳሳት መቼ እናውቃለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ነገ» ከሆነ በመላ ሥሩ፤ «ከዓመታት በኋላ» ከሆነ አስመርምሩ።

5. የወንዝ ዳር መሬት ለማኅበር ሲታሰብ የውሃውና የአፈሩ ምርመራ ዘር ከመገዛቱ በፊት ይቅደም።