የባትሪ ድንጋይን በሊቲየም ስንተካ



በአዊ ዞን ገጠሮች የመብራት መስመር ያልደረሰባቸው ቤቶች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ገበያ የሚወጣ አባወራ ከጨውና ከሳሙናው ጋር የባትሪ ድንጋይ ይሸምታል። ድንጋዩ ለፈጅር ለሚነሱት መንገድ ያበራል፤ ለአያት ሬዲዮ ያናግራል። ሲደክም ፀሐይ ላይ ቢያሰጡትም ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ቢዘራ እንጂ አይታደስም። ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል።

ይህ ወጪ የሰለቻቸው ወጣቶች ከአሮጌ ላፕቶፕና ከፓወር ባንክ የወጣ የሊቲየም አዮን ሴል በድንጋዩ ቦታ ሲተኩ ይታያል። ሐሳባቸው መልካም ነው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያበቃው ይህ ሴል በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ያገለግላል። ነገር ግን ሳያሰሉ መተካት ዕቃን ያቃጥላል፤ አላህ ይጠብቀንና የሣር ክዳን ቤትንም ለእሳት ይዳርጋል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድታስተውሉ እንመክራለን።

አንደኛ፦ ድንጋዮቹን ቁጠሩ። አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። አንድ የሊቲየም ሴል ግን 3.7 ቮልት ሲሆን ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ሦስት ድንጋይ ተደራርበው 4.5 ቮልት ስለሚሰጡ የሦስት ድንጋይ መብራት በአንድ ሊቲየም ሊሠራ ይችላል። አምፖሉ ከወትሮው በላይ ከጋለ ግን ወዲያው አውጡት። ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ ሬዲዮ የለመደው 3 ቮልት ነው፤ በ4.2 ሊበላሽ ይችላል። ለእርሱ 1.2 ቮልት ያለው፣ ኒኬል የተባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ይሻላል። ኃይሉን በውስጡ ወደ 1.5 ቮልት የሚያወርድ ሊቲየምም አለ፤ ሆኖም አንዳንዱ የሬዲዮውን ድምፅ ያንጫጫል።

ሁለተኛ፦ አሞላሉን ጠብቁ። ሴሉን ከስልክ ቻርጀር ወይም ከሶላር ሰሌዳ ጋር በሽቦ በቀጥታ ማገናኘት አደገኛ ነው። 4.2 ቮልት ሲደርስ ራሱ የሚያቆም ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ያስፈልጋል። ከሶላር ፋኖስ የወጣ ሴል 3.2 ቮልት የሚል ከሆነ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ በዚሁ ቻርጀር አይሞላም። ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ወይም ጭድና ፍራሽ አጠገብ አትሙሉ።

ሦስተኛ፦ ስትገዙ ጽሑፉን ብቻ አትመኑ። የጣት ያህል ወፍራም በሆነው፣ 18650 በሚባለው ሴል ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት ነው፤ የዚህ ልክ ሴል ከ4,000 ብዙም አያልፍም። ያበጠ፣ የተጨረመተ ወይም ልባሱ የተላጠ ሴል አትውሰዱ። በካውያ ሴሉ ላይ በቀጥታ አትበይዱ፤ መያዣ ተጠቀሙ። በኪስ ውስጥም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትያዙት፤ ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ ይግላል፣ ይፈነዳልም።

ያረጀውን ሴል ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩ። እሳት ውስጥም ሆነ ምንጭ ዳር አትጣሉት። ወደ ከተማ ስትወጡ ለጠጋኝ አስረክቡት። ቮልት መለኪያ ያለው ጠጋኝ ካገኛችሁም የምትተኩትን ሴል አስቀድማችሁ አስለኩ።