የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የቀልድ ሥራ የማን ንብረት ነው?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2025 የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን «ዘ ሌት ሾው» የተባለውን የምሽት ፕሮግራሙን በሜይ 2026 ጨርሶ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዴቪድ ሌተርማን በ1993 የጀመረው፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ስቲቨን ኮልቤር የያዘው ይህ ፕሮግራም ተመልካች አጥቶ አልነበረም። በዚያው ሰዓት ከሚተላለፉ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ የላቀ ተመልካች ነበረው። ገበያውን የሚመራ ሸቀጥ ከመደርደሪያ ሲወርድ ማየት ለኢኮኖሚ ተመልካች እንግዳ ነገር ነው። እንግዳነቱ የሚጠፋው ግን ሸቀጡ ምን እንደሆነና ገዢው ማን እንደሆነ በትክክል ሲለይ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚከብድ ጥያቄ ይመጣል፤ በቀልድ እንጀራውን የሚበላ ሰው ወንበሩን ሲያጣ ሙያው አብሮት ይሄዳል ወይስ ከወንበሩ ጋር ይቀራል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ መልሱ በተሰጥኦ ወይም በጽናት ሳይሆን በባለቤትነት ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚል ነው።

በማስታወቂያ የሚተዳደር ቴሌቪዥን ቀልድ አይሸጥም። የሚሸጠው የተመልካቹን ጊዜ ነው፤ ገዢው ደግሞ አስተዋዋቂው ድርጅት ነው። ተመልካቹ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት መቀመጡን ትቶ ጠዋት በስልኩ የአምስት ደቂቃ ቁራጭ ሲያይ ቀልዱ ደርሶታል፤ ውዱ ማስታወቂያ ግን አልደረሰውም። የማስታወቂያ ወጪ የሚከታተለው ጋይድላይን የተባለ ድርጅት እንዳሰላው የአሜሪካ ዋና ዋና የምሽት ፕሮግራሞች በ2018 439 ሚሊዮን ዶላር የማስታወቂያ ገቢ ነበራቸው፤ በ2024 ይህ ወደ 220 ሚሊዮን ወረደ። በስድስት ዓመት ውስጥ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ወጪው ግን አብሮ አልወረደም። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 እንዳሳዩት የመድረክ ሥራ እንደ ፋብሪካ በማሽን አይፈጥንም፤ አንድ ሰዓት ቀልድ ዛሬም የሚጠይቀው ጸሐፊ፣ ካሜራ አንሺና ሙዚቀኛ ከድሮው ብዙም አያንስም፤ ደመወዛቸው ግን ከሌላው የሥራ ዘርፍ ጋር እኩል መጨመር አለበት። የኮልቤር ፕሮግራም 200 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከስር እንደነበርም በስፋት ተዘግቧል።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ይህ የሒሳብ ሳይሆን የፖለቲካ ውሳኔ ነው» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ መሠረት አለው። የሲቢኤስ ባለቤት ፓራማውንት በዚያው ወር ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ጋር የነበረውን የፍርድ ቤት ክርክር በ16 ሚሊዮን ዶላር ዘግቷል፤ ከስካይዳንስ ጋር ለሚያደርገው የ8 ቢሊዮን ዶላር ውሕደት የመንግሥት ፈቃድ ይጠብቅ ነበር፤ ኮልቤርም የ16 ሚሊዮኑን ስምምነት በዚያው በሲቢኤስ መድረክ ላይ ቆሞ ጉቦ ሲል ተችቶት ነበር። ኩባንያው ውሳኔው ከገንዘብ በቀር ምክንያት የለውም ብሏል። ሁለቱ ማብራሪያዎች ግን አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። አትራፊ ፕሮግራምን ለፖለቲካ ሲሉ መዝጋት ውድ ነው፤ ባለአክሲዮኖች ይጠይቃሉ። ከሳሪ ፕሮግራምን መዝጋት ግን ወጪ ይቀንሳል እንጂ አያስከፍልም። ገቢው በተመናመነ ቁጥር ቀልደኛውን ዝም የማሰኘት ዋጋ ይረክሳል። የኢኮኖሚ ጥገኝነትና የንግግር ነፃነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ወንበሩ ከሄደ በኋላ ምን እንደሚቀር ለማየት ከዚሁ ከኮልቤር ሕይወት የተሻለ ምሳሌ የለም። በኮሜዲ ሴንትራል ጣቢያ እስከ 2014 ድረስ በራሱ ስም የሚጠራ እብሪተኛ የወግ አጥባቂ ተንታኝ ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር። በ2016 በአዲሱ ፕሮግራሙ ያንን ሰው መልሶ ሲያመጣው የቀድሞ አሠሪው ጠበቆች ገጸ ባሕርዩ የኩባንያው ንብረት ነው ማለታቸውን ለተመልካቾቹ ነገራቸው። ስሙም ፊቱም የራሱ የሆነ ሰው፣ በዚያ ስምና ፊት የፈጠረውን ሰው መጫወት አትችልም ተባለ። እሱም ወዲያው የገጸ ባሕርዩን «መንታ የአጎት ልጅ» አመጣና ሳቁን ቀጠለ። ሌተርማንም በ1993 ከኤንቢሲ ወደ ሲቢኤስ ሲሻገር የቀድሞ ጣቢያው በርካታ የፕሮግራሙ ክፍሎች የእኔ ናቸው በማለቱ አንዳንዶቹን በሌላ ስም ለመጥራት ተገዷል። ሁለቱም ብልሃተኞች ስለነበሩ አመለጡ። ሆኖም ብልሃታቸው ያስፈለገው ሲፈርሙ ያስረከቡትን ነገር መልሰው ለማግኘት ነበር። አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ለተበደረ ሰው ነው፤ እዚህ ያለው አስገራሚ ነገር ወርቁን ያነጠረው ራሱ ሆኖ ሳለ የሰው ወርቅ መሆኑ ነው።

የቀልደኛው የኮናን ኦብራያን ጉዳይ ደግሞ ሒሳቡን ጥርት አድርጎ ያሳያል። በጁን 2009 የኤንቢሲን «ዘ ቱናይት ሾው» ተረከበ፤ ጣቢያው ሰዓቱን ሊገፋበት ሲል አልቀበልም ብሎ በጃንዋሪ 2010 ለቀቀ። ስምምነቱ 45 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር ተዘግቧል፤ ከዚህ ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህሉ ለሠራተኞቹ ነበር። በምላሹ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ በቴሌቪዥን እንዳይቀርብ ተስማማ። ውሉ የከለከለው ቴሌቪዥንን እንጂ መድረክን ስላልነበረ ኦብራያን ክልከላውን ራሱን የትርዒቱ መጠሪያ አደረገና በየከተማው ትኬት እየሸጠ ዞረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቲቢኤስ የኬብል ጣቢያ የጀመረው ፕሮግራም በ2021 አበቃ። በ2018 የጀመረው ፖድካስት ግን የተለየ ዕድል ገጠመው። ፖድካስቱን የያዘውን ቲም ኮኮ የተባለ ኩባንያውን በ2022 ለሲሪየስ ኤክስኤም የሸጠ ሲሆን፣ ዋጋው 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር ተዘግቧል። ሰውየው ያው ነው፤ ቀልዱም ያው ነው። በኤንቢሲ ለዓመታት ደመወዝ ተከፍሎት ወንበሩ ሲነሳ የወጣው የስንብት ክፍያ እንጂ ፕሮግራሙን ይዞ አልነበረም። በፖድካስቱ ግን በእያንዳንዱ ክፍል ሊሸጥ የሚችል ሀብት እየገነባ ነበር።

«እነዚህ ዝነኞች ናቸው፤ ለተራው ባለሙያ ምን ይፈይዳል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ሸርዊን ሮዘን የተባለው ኢኮኖሚስት በ1981 እንዳስረዳው፣ አንድ ሥራ ያለ ተጨማሪ ወጪ ለሚሊዮኖች ሊደርስ ሲችል በተሰጥኦ ጥቂት የሚበልጠው ሰው ገቢውን ጠቅልሎ ይወስዳል። የከሸፉት ፖድካስቶች ዜና ስለማይሆኑ የተሳካላቸውን ብቻ እያየን እንሳሳታለን። ኦብራያን የፈጠራ ጊዜውን የገዛው በከፍተኛ የስንብት ክፍያ ነው፤ ችግር ፈጠራን ይወልዳል የሚለውን ብሂል በእሱ ማስረዳት አይቻልም። የበለጠ የሚያስተምረው የቀልደኛው የማርክ ማሮን ታሪክ ነው። ማሮን በ2009 ኤር አሜሪካ በተባለው ራዲዮ ሥራውን ሲያጣ ስመ ጥር ኮከብ አልነበረም። ፖድካስቱን የጀመረው በዚያው ጣቢያ ስቱዲዮ ማታ ማታ ገብቶ ነው፤ ቀጥሎ መኪና ማቆሚያ ቤቱ ውስጥ ማይክሮፎን ተከለ። በ2015 በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ኦባማ እዚያው ድረስ ሄደው አነጋገሩት። ፕሮግራሙ በ2025 ሲያበቃ የዘጋው አለቃ ሳይሆን ራሱ ማሮን ነው። ኤር አሜሪካ ግን በጃንዋሪ 2010 ከስሮ ተዘግቷል።

ከግለሰብ ወጥተን ወደ ድርጅት ስንመጣም ያው ሕግ ይሠራል። በ1999 የተመሠረተው ኮሌጅ ሂዩመር የተባለ የቀልድ ድርጅት ቪዲዮዎቹን በራሱ ድረ ገጽ ያቀርብ ነበር፤ በኋላ ግን ብዙ ተመልካች ፍለጋ ወደ ፌስቡክ አዘነበለ። ፌስቡክ በ2016 የቪዲዮ መመልከቻ ጊዜን አግንኖ ሲያሳይ እንደቆየ አመነ፤ በ2019 ከአስተዋዋቂዎች ጋር የነበረውን ክርክር በ40 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ። ለቀልደኞቹ ግን የተመለሰ ነገር አልነበረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የሰው መድረክ ላይ ያለውን ተመልካች ሲያሳድዱ በራሳቸው ደጅ የነበረውን አጡ። በጃንዋሪ 2020 ባለቤቱ አይኤሲ ገንዘቡን ሲያቋርጥ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ድርጅቱን ከነባር ሠራተኞቹ አንዱ የሆነው ሳም ራይሽ ተረከበውና ማስታወቂያን ትቶ ከተመልካቹ በቀጥታ በሚሰበሰብ ወርኃዊ ክፍያ ላይ አቆመው። ዛሬ ድሮፕአውት ተብሎ የሚጠራው ይህ ድርጅት በወር ከ6 እስከ 7 ዶላር ያህል እያስከፈለ በ2025 አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ያለፈ ሲሆን፣ ከ2023 ትርፉ ላይ በዓመቱ አብረውት ለሠሩት ተዋንያንና ባለሙያዎች አካፍሏል። እዚህ ያሸነፈው አንድ ዝነኛ አይደለም። የተቀየረው የሚከፍለው ሰው ነው፤ ሳቂውና ከፋዩ አንድ ሆኑ።

«ታዲያ ነፃ ወጣ የተባለውም ከአሠሪ ወደ ዩቲዩብ ነው የተሻገረው» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 45 በመቶውን ለራሱ ያስቀራል፤ ማን ለማን እንደሚታይ የሚወስነውም እሱ ነው። የስድስት ሰከንድ ቀልዶች መናኸሪያ የነበረው ቫይን በጃንዋሪ 2017 ሲዘጋ በዚያ ብቻ ስም ያተረፉ ብዙ ወጣቶች ተከታዮቻቸውን ይዘው መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ ባለቤትነት ሲባል የቻናል ስም መያዝ ብቻ አይደለም። ጥያቄው «ይህ ድርጅት ነገ ቢዘጋ ወይም ፊቱን ቢያዞርብኝ አድማጬን በሌላ መንገድ አገኘዋለሁ?» የሚል ነው። የመድረክ ትኬት፣ የደንበኞች የኢሜይል ዝርዝር፣ በማንኛውም መተግበሪያ የሚደመጥ ፖድካስት «አዎ» የሚያሰኙ ናቸው። በአንድ መድረክ ላይ ብቻ የተከማቸ ተከታይ ግን የተከራዩት ቤት ነው።

የራሱን ፕሮግራም ማቋቋም ለማይችለው ጸሐፊና ቴክኒሻን ደግሞ ባለቤትነት በጋራ ይመጣል። የአሜሪካ ጸሐፊዎች በ1960 ባደረጉት የሥራ ማቆም አድማ የሲኒማ ሥራቸው በድጋሚ በቴሌቪዥን ሲታይ እንዲከፈላቸው አስፈቀዱ፤ የጡረታና የጤና ፈንድም አገኙ። ሥራ በሌለባቸው ወራት ብዙዎችን በሙያው ያቆየው እንዲህ ያለው የድጋሚ ክፍያ ነው። ለ148 ቀናት የቆየው የ2023 አድማ አንዱ ምክንያትም በኢንተርኔት የሚታዩ ሥራዎች ይህን ክፍያ ማመንመናቸው ነበር። በዚያ ወቅት ኮልቤርን ጨምሮ አምስት የምሽት ፕሮግራም አዘጋጆች በጋራ ፖድካስት ሠርተው ገቢውን ሥራ ለፈቱ ሠራተኞቻቸው አዋሉ። ድርጊቱ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ልግስና የውልን ቦታ አይተካም። ያለ ውል የሚሠራ ሰው «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» እንዳለችው ድመት ነው፤ ፕሮግራሙ ቢያተርፍም ድርሻው ያችው ናት።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ሲከለክል፣ ከትልልቆቹ አስተዋዋቂዎች መካከል የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከአየር ወረዱ። አዋጁ ለጤና ያለው ጥቅም አያከራክርም፤ ነገር ግን በጥቂት ስፖንሰሮች ላይ የቆመ የመዝናኛ ፕሮግራም በአንድ ፊርማ ሊናጋ እንደሚችል አሳይቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ተቀጣሪ በሥራው ላይ የፈጠረው ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ለተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያን ሲሶ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ያስከፍላል። በፕሮግራም ተቆጥሮ የሚከፈለውና እንደ አገልግሎት ሰጪ የፈረመው ኮሜዲያን ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ነው።

በአዋጅ 410 ውስጥ ያለው «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለው ሐረግ ለባለሙያው የተተወ በር ነው። አሠሪው የመጀመሪያውን ስርጭት መብት ወስዶ ገጸ ባሕርዩን ለፈጣሪው መተው ይችላል፤ ድጋሚ ሲተላለፍ የሚከፈል ድርሻ በመቶኛ ሊጻፍ ይችላል፤ የስንብት ማስታወቂያ ጊዜም እንዲሁ። ጣቢያዎች ይህን ሁሉ አይቀበሉም ይባል ይሆናል፤ ብቻውን የሚደራደር ሰው በእርግጥ ብዙ አያገኝም። የአሜሪካ ጸሐፊዎችም በየግላቸው ቢጠይቁ ኖሮ ባላገኙት ነበር። ስለዚህ የኮሜዲያንና የስርጭት ባለሙያዎች ማኅበራት ከሽልማት ዝግጅት በፊት አንድ ሞዴል ውል አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ይስጡ። ባለሙያውም ከመፈረሙ በፊት የሥራውን ባለቤት የሚወስነውን አንቀጽ ያንብብ፤ ከተሰናበተ በኋላ ይዞት የሚወጣው እዚያ የተጻፈውን ያህል ነው።