ሺህ እግርን ማርባት፦ ከእንስሳው በፊት አፈሩ



ሺህ እግርን በቤት ውስጥ ማቆየት ቀላል ነው፤ ማርባት ግን ለብዙዎች አይሳካም። የዛሬው ገለጻዬ የዚህን ልዩነት ምክንያት ይመለከታል።

አስቀድሞ ስለ ፍጥረቱ ጥቂት ልበል። ከመቶ እግር የሚለየው በአብዛኞቹ የአካል ቀለበቶቹ ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር ስላለው ነው። መቶ እግር አዳኝ ሲሆን፣ ሺህ እግር በአመዛኙ ብስባሽ ተመጋቢ ነው። በአርቢዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው የምሥራቅ አፍሪካው ግዙፍ ሺህ እግር ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ በርካታ ዓመታትም ይኖራል።

ጀማሪ አርቢ ኪያርና ዱባ ሰጥቶ እንስሳውን የመገበ ይመስለዋል። እነዚህ ግን ተጨማሪ እንጂ ዋና ቀለብ አይደሉም። ዋናው ቀለብ የተነጠፈለት አፈር ራሱ ነው፤ ይኸውም የረገፈ ቅጠል፣ ፈንገስ ያለሰለሰው የበሰበሰ እንጨትና ለቅርፊቱ ጥንካሬ የሚያስፈልገው ካልሲየም የተቀላቀለበት አፈር ነው። እንደ ጥድ ያለ ሙጫ የሚበዛበት እንጨት አይመከርም። የአፈሩ ጥልቀት ከእንስሳው ርዝመት ማነስ የለበትም፤ እርጥበት ይኑረው እንጂ ውኃ አይቋጥር።

ወንዱን ለመለየት ሰባተኛውን የአካል ቀለበት መመልከት ነው፤ በዚያ ያሉት እግሮች ወደ መራቢያ አካል ስለተለወጡ ስፍራው ባዶ ይመስላል። ሴቷ እንቁላሎቿን አፈር ውስጥ ትጥላለች። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሦስት ጥንድ እግር ብቻ አላቸው፤ ቅርፊታቸውን በጣሉ ቁጥር አዳዲስ ቀለበቶችና እግሮች ይጨምራሉ። አፈሩ ደካማ ከሆነ ግን ወላጆቹ ለጊዜው ቢኖሩም ጫጩቶቹ አያድጉም። እርባታው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የክሽፈት ምክንያት የእኛው ጉጉት ነው። ሺህ እግር ቅርፊቱን የሚጥለው ከአፈር በታች ተሸሽጎ ነው፤ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክርም አካሉ ለስላሳና ተሰባሪ ነው። እኔም በጀማሪነቴ ለሳምንታት የተሰወረችብኝን አንዲት ሴት «ሞታ ይሆን?» ብዬ አፈሩን ቆፈርሁ። በሕይወት ነበረች፤ የሞተችው በመቆፈሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የምመክረው አለመንካትም የምርምር ዘዴ መሆኑን ነው።

ለአርቢውም ጥንቃቄ ያሻዋል። ብዙ ዝርያዎች ሲደነግጡ የሚያመነጩት ፈሳሽ ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይንንም ክፉኛ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከነኩ በኋላ እጅን መታጠብ ግዴታ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ዝርያም ፈጽሞ ወደ ዱር አይለቀቅም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይበዛል የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። በቤት የተፈለፈለ እያንዳንዱ ጫጩት ከጫካ የሚለቀመውን ሊተካ ይችላል። በጫካው የቀረው ደግሞ የወደቀውን ቅጠል እየሰባበረ ወደ አፈር መመለሱን ይቀጥላል።