ከባሕር ጠለል በላይ የሚሰቀል ቴሌቪዥን

በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ጀርባ ገልብጦ ለሚያይ ሰው፣ ከጥቃቅኖቹ ምልክቶች መካከል አንዳንዴ ተራራ የተሣለባትና 2000 ሜትር የሚል የተጻፈባት ሦስት ማዕዘን ትገኛለች። የዕቃው ደኅንነት የተመዘነው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው ማለቷ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በመገናኛ አድርጎ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚሄድ ሰው ዳገቱን ይያያዘዋል፤ እንጦጦ አናት ላይ ሲደርስ 3,200 ሜትር ገደማ ሆኗል። እንግዲህ በየካ ክፍለ ከተማ ያቺ ምልክት የምትፈቅደው አንድም ሳሎን የለም።

ሻጩ ስለ ኢንችና ስለ ፎር ኬ እንጂ ስለዚህ አይነግርዎትም፤ እሱም አይፈረድበትም። ቁም ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። የሳሳ አየር ለከዋክብት ተመልካች ሲሳይ ነው፤ የእንጦጦው ኦብዘርቫቶሪ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖቹን እዚያ የተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ግን ነገሩ ይለያል።

አየር ራሱ ኤሌክትሪክን የሚያግድ ነገር ነው። ፓወር ቦርዱ ላይ 220 ቮልት በሚገባበት ወገንና የሰው እጅ ሊደርስበት በሚችለው ወገን መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ብልጭታ እንዳይዘል የሚጠብቀው ያ ክፍተት ነው። አየሩ ሲሳሳ አንድ ኤሌክትሮን ከሌላ ቅንጣት ጋር ሳይጋጭ ረጅም መንገድ ይሮጣል፣ በሩጫውም ጉልበት ያጠራቅማል፣ ስለዚህ ብልጭታው በአነስተኛ ቮልቴጅ ይነሳል። ዓለም አቀፉ የደኅንነት ደረጃ 3,000 ሜትር ላይ ክፍተቱ 14 በመቶ እንዲሰፋ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሲባል ቴሌቪዥንዎ ኮተቤ ሲደርስ ይፈነዳል ማለት አይደለም። የመጠባበቂያው ልክ ይሳሳል ማለት ነው፤ የመብራቱ ጠባይ አስቸጋሪ በሆነበት ሰፈር ደግሞ ያ መጠባበቂያ ይፈለጋል። እስከ 5,000 ሜትር ተመዝኖ የሚወጣ ዕቃ ስላለ መመሪያው ላይ የከፍታውን ቁጥር መፈለግ አይከፋም።

የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ ለመውሰድም ይሰንፋል። አብዛኛው ቴሌቪዥን ማራገቢያ የለውም፤ የሞቀው አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ በቃ። ደግነቱ አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ይፈቅዳሉ፤ የየካ ሳሎን ደግሞ ወደዚያ አይጠጋም። አየሩ የነፈገውን ብርዱ ይክሳል። ችግሩን የምናመጣው እኛው ነን፦ የጂፕሰም ጌጥ አሠርተን፣ ስክሪኑን በልኩ በተቆረጠ ጉድጓድ ውስጥ ሰግስገን፣ ዙሪያውን በባለ ቀለም አምፖል እናስከብበዋለን። ለዓይን ያምራል፣ ለቦርዱ ግን ምድጃ ነው። ከጀርባው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተውለት፤ የላዩም ክፍት ይሁን።

በሁለተኛ እጅ ገበያ ፕላዝማ ካጋጠመዎት ግን ከፍታው ራሱ ያናግርዎታል። በፕላዝማ ስክሪን ሁለት መስታወቶች መካከል የታመቀው የኒዮንና የዜኖን ጋዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ መስታወቶቹን አጥብቆ የያዛቸው የውጭው አየር ክብደት ነበር። ደጋ ላይ ያ ክብደት ሲቀንስ መስታወቱ ይላላና በኤሌክትሪኩ ምት ይርገበገባል፤ እዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብልሽት ስላልሆነ ጠጋኝ አይፈታውም።

አሁን ወደ ኢንቹ። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ማዕዘን ሲኖር ነው። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፉል ኤችዲ ከሆነ በዚህ ወርድ 1,920 ነጥቦች ይደረደራሉ፣ ፎር ኬ ከሆነ 3,840። ሲሰላ፣ ከ2.2 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው የፉል ኤችዲው ነጥቦች እንኳ አይለዩትም፤ ፎር ኬው በምስል ጥራት የሚጨምርለት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሶፋዎ ግድግዳ ተደግፎ ከስክሪኑ 3 ሜትር ከራቀ፣ ለፎር ኬ ብለው የከፈሉት ገንዘብ ዓይንዎ ጋ አይደርስም።

በተቃራኒው ያለው ስሌት ግን ይበልጥ ያስደነግጣል። ኤስዲ የሚባለው አሮጌው የስርጭት ጥራት 576 የምስል መስመሮች ብቻ አሉት። ባለ 55 ኢንቹ ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ለስላሳ ሆኖ ለመታየት 4 ሜትር መራቅ ይፈልጋል። በ65 ኢንች ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። በ43 ኢንች ግን 3.2 ሜትር ይበቃዋል። ትልቅ ቴሌቪዥን አስገብቶ «ቻናሉ ደበዘዘብኝ» የሚል ሰው የሚያማርረው ይህንኑ ነው፤ ስክሪኑ አልተበላሸም፣ ጉድለቱን አጉልቶ አሳየው እንጂ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚለካው ከሶፋ እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት ነው፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቤተሰቡ ሲያመሽ የሚያየው ነገር በምን ጥራት እንደሚመጣ ነው። ፎር ኬን የሚያጠግብ ምስል ባብዛኛው የሚገኘው ከኢንተርኔት ነው፤ ያም በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሜጋ ቢት የሚያወርድ መስመር ይሻል።

ወደ ሳተላይት ስርጭት ስንመጣ፣ እንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ሁሉ ምስል ሲቆራረጥበት ተራራውን ይከሳል። ተራራው ንጹሕ ነው። ድሮ ናይልሳትን የሚያዩት ዲሾች ወደ ምዕራብ ዞረው ከአድማሱ 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ይሉ ነበር። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚወርዱበት ኤን ኤስ ኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሚገኝ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። እንጦጦ በሰሜን በኩል፣ ከዲሹ ጀርባ ነው ያለው። የሚጋርደው በምሥራቅ ወገን ከአጥር ሥር የበቀለ ባሕር ዛፍ ነው፦ በቁመት ከዲሹ በ10 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ ከ4 ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ላይ በዚያ አቅጣጫ ከቆመ መንገዱን ይዘጋል፤ ክረምት ላይ ቅጠሉ ውሃ ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ የሚያጫውተው የአበባና የዓሣ ቪዲዮ ማንኛውንም ስክሪን ያሳምራል። ያስቁሙት። የምስሉን ሁነታ ከቪቪድ ወደ ስታንዳርድ ወይም ወደ ሙቪ ያዙሩት፣ አንድ የታወቀ ቻናል ወይም ዜና ያስከፍቱ፣ ከጎንም ሆነው ይዩት፤ ሳሎንዎ ውስጥ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት አይቀመጥምና ቀለሙ ከጎን ሲታይ የሚገረጣውን ይተዉት። ኦሌድ የሚባለው ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ብርሃን ስላለው ሲያጠፋው ይጠፋል። ነገር ግን ያው ነጥብ እየሠራ ያረጃል። ቀኑን ሙሉ ዜና ተከፍቶ በሚውልበት ቤት ጥግ ላይ የማይነቃነቀው የጣቢያው አርማ ከጊዜ በኋላ ጥላውን ሊተው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት እኔ ባለ ኤልኢዲ ባክላይቱን እመርጣለሁ።

ስለ መብራት ደግሞ አንድ የተሳሳተ ፍርሃት አለ። የዛሬ ቴሌቪዥን ብዙው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የመብራት መድከም አይገድለውም። የሚገድለው ከዚህ በላይ የሚዘለው ነው፤ ይልቁንም ከምሰሶው የኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ። ያኔ በፌዞቹ መካከል ያለው 380 ቮልት እንደየቤቱ ጭነት ይከፋፈላል፤ ያነሰ ዕቃ የከፈተው ቤት የበለጠውን ቮልቴጅ ይቀበላል። ቮልቴጁ ሲያልፍ ቆርጦ የሚያጠፋና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያ ከተራ ስታብላይዘር ይሻላል። መብረቅ ሲሆን ግን እሱም አያድንም፤ ሶኬቱን መንቀልም ብቻውን አይበቃም። ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ የሚወርደው ኬብል በሪሲቨሩ አልፎ በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ስለሚገባ፣ ደመናው እንጦጦ ላይ መጥቆር ሲጀምር የዲሹም ኬብል ከሪሲቨሩ መፈታት አለበት።