የተዘቀዘቀችው ሐረር

በሐረር አሮጌ ከተማ በጀጎል፣ «የራምቦ ቤት» በሚባለው ሙዚየም የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች ይታያሉ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር ሲነግድ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ ነበር፤ በ1883 እ.ኤ.አ. የገዛ ራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ልኳል። በዚያ ዘመን ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በካሜራው ጀርባ ያለውን መስታወት ያየ ሰው፣ ፊት ለፊቱ የቆመው እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ይታየዋል። ፊዚክስ ይህን ሁሉ በአንዲት ጭረት ይጽፈዋል፤ በመቀነስ ምልክት።

የማጉላት ልክ የምስሉ ቁመት ለዕቃው ቁመት ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ነው። ቁጥሩ መጠንን፣ ምልክቱ አቋምን ይናገራል፦ መደመር ቀጥ ብሎ ለቆመ፣ መቀነስ ለተዘቀዘቀ። ስሌቱም የምስሉን ርቀት ለዕቃው ርቀት አካፍሎ ከፊቱ መቀነስ ማኖር ነው። ግድግዳ ላይ ሊያርፍ የሚችል እውን ምስል ርቀቱ በመደመር ይያዛል፤ በመስታወቱ ወይም በሌንሱ ውስጥ ለዓይን ብቻ የሚታየው ምናባዊ ምስል ደግሞ በመቀነስ።

የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወደሆነው መኪና ግርግር እንሂድ። የአንድ ሰፊ መነጽር የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ከሩቅ የመጣን ብርሃን የሚሰበስብበት ርቀት፣ 50 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ጨርቁን ከሌንሱ 25 ሳንቲሜትር ቢያርቀው ምናባዊው ምስል 50 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል። ርቀቱ መቀነስ ስለሆነ ሁለቱ መቀነሶች ተጣፍተው መልሱ +2 ይሆናል፤ ስፌቱ ቀጥ እንዳለ እጥፍ ጎልቶ ይታያል። ያንኑ መነጽር ፀሐይ ካረፈበት በር 3 ሜትር አርቀን ብንይዘው ግን ከሌንሱ 60 ሳንቲሜትር ርቆ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ የበሩ ምስል ያርፋል። መልሱ -0.2 ነው፤ 2 ሜትር ቁመት ያለው በር 40 ሳንቲሜትር ሆኖ ተዘቅዝቋል። ሌንሱ አንድ ነው፤ ምልክቱን የለወጠው የዕቃው ርቀት ነው።

መስታወትም በዚሁ ሕግ ይመራል። የግድግዳ ጠፍጣፋ መስታወት ሁልጊዜ +1 ነው። ወደ ውጭ ያበጠው የመኪና መስታወት መንገዱን ያሳንሳል እንጂ አይገለብጥም፤ መልሱ ከ0 በላይ፣ ከ1 በታች ነው። ስርጉዱ መስታወት ብቻ እንደ ሰፊው መነጽር ሁለቱንም ምልክት ያውቃል።

አንዳንድ መጻሕፍት የዕቃውን ርቀት መቀነስ አድርገው ይጀምሩና የሌንሱን ቀመር ያለ መቀነስ ይጽፋሉ። ተማሪ ሁለቱን ካላደባለቀ መልሱ ያው ነው። የርቀቶቹን ምልክት ሰዎች ተስማምተው መረጡት፤ በሩን የዘቀዘቀው ግን ብርሃን ነው። ምልክቱን የዘነጋ ተማሪ የበሩን ቁመት ያውቃል፤ ደፉ ወዴት እንደሆነ ግን አያውቅም።