ደብዳቤው ሄዶ ፎቶግራፉ እንዳይቀር

በዘመሮ ደጋ የባቄላው ቅጠል ሲጨማደድና አረንጓዴ እብጠት ሲያወጣ ገበሬው ለልማት ሠራተኛው ያሳያል፤ እርሱም በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለባለሙያ በኢሜይል ይልካል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ብቻ ሄዶ ፎቶግራፉ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያው መልሶ እስኪጠይቅ ድረስም በሽታው ወደ ጎረቤት ማሳ ሊሻገር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድረ ገጽ ላይ ያለውን የኢሜይል አድራሻ ስንነካ የተቀባዩ አድራሻ፣ ርእሱና ጥቂት ቃላት አስቀድመው የተሞሉበት ደብዳቤ ይከፈታል። ሁሉም የተሰናዳ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የዚህ አሠራር ደንብ ለአባሪ ቦታ አላበጀም። ይህም ለእኛው ይበጃል፤ አንድ ገጽ ከስልካችን ፋይል በራሱ መዝዞ ማያያዝ ቢችል ኖሮ ምስጢራችንን ሳናውቀው በላክን ነበር።

ስለዚህ ላኪው የወረቀት ማያያዣ ሽቦ የሚመስለውን ምልክት ነክቶ ፎቶግራፉን ራሱ ይምረጥ፤ ከመላኩም በፊት ፎቶግራፉ ከደብዳቤው ጋር መታየቱን ይመልከት። ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም ፎቶግራፉን ከፍቶ «አጋራ» የሚለውን መንካትና ኢሜይልን መምረጥ ነው። ያን ጊዜ ፎቶግራፉ ተያይዞ ይመጣል፤ አድራሻውን ግን መጻፍ የላኪው ፋንታ ነው።

ጂሜይል በአንድ ደብዳቤ እስከ 25 ሜጋባይት ያስልካል። ኔትወርክ በሚደክምበት ቀበሌ ግን ሁለት ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች፣ አንዱ የቅጠሉ ሌላው የሙሉው ተክል፣ ይበቃሉ። ቀበሌው፣ የዘሩ ዓይነትና የተዘራበት ቀንም ይጻፍ።